ለእናቴ ልቅሶ የተሰጠኝ አንድ ሰዓት

ለእናቴ ልቅሶ አንድ ሰዓት ተሰጠኝ። አንዲት ሴት በር ላይ ቆማ፣ የእጅ ሰዓቷን እያየች የለካችልኝ አንድ ሰዓት። እንዲመዘገብልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። በዚህ አገር ሌላም ብዙ ነገር ደርሶብኛል፤ አንዳንዱን ስቄ አልፌዋለሁ፣ አንዳንዱን እድሜ አስረስቶኛል። ይህን ግን አልረሳሁትም፣ አልስቅበትምም። ልጆቼ «እማ፣ ተይው አሁን፣ ስንት ዘመን ሆነው» ይሉኛል። ስንትም ይሁነው። የቆየ በደል ስለቆየ ብቻ ደግነት አይሆንም። ፊደል የቆጠርኩት ጥቂት ቢሆንም ይህን ለመጻፍ አያንሰኝም።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የጫማ ቀለም ሽታ ነው። የልጅ ልጄ ኖአ ባለፈው ሳምንት ለሥልጠና ገባች። ከመግባቷ በፊት እዚህ ኢየሩሳሌም፣ ቂርያት መናሔም ቤቴ መጥታ፣ ኮሪደሩ ላይ ጋዜጣ ዘርግታ፣ አዲሱን ቡትስ ጫማዋን ቀለም ትቀባ ጀመር። ሽታው ወጥ ቤት ድረስ መጣና ሽንኩርት የምከትፍበትን እጄን አቆመው። «ሳቭታ» አለችኝ ቀና ብላ፤ አያቴ ማለቷ ነው፣ አማርኛዋ ግማሽ ግማሽ ነው፤ «አንቺም ኮርስ ነበርሽ አይደል? እማ ነገረችኝ። አባረሩሽ አለች።» «አላባረሩኝም። ወጣሁ» አልኳት። «ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለችና ወደ ጫማዋ ተመለሰች። ልዩነቱን ለማስረዳት ተቀመጥኩ፤ ሽንኩርቱ እንደተከተፈ አደረ።

ያኔ እኛ የምንኖረው መቫሰረት ጽዮን፣ አዲስ የመጡ ሰዎች በሚያርፉበት መርካዝ ውስጥ ነበር። አንድ ክፍልና አንዲት ጠባብ ወጥ ቤት፤ ባለቤቴ፣ እኔ፣ ሁለት ልጆችና አማቴ። ባለቤቴ ዳቦ መጋገሪያ ይሠራ ነበርና ልብሱ ሁልጊዜ እርሾ እርሾ ይሸታል። እኔ ቢሮ አጸዳ ነበር። ዘመኑ ክፉ ነበር፤ በየቦታው ቦምብ ይፈነዳ ነበርና አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሰውን በጎን እያየ የሚቀመጥበት፣ ገበያ ሄዶ በሰላም የተመለሰ አምላኩን የሚያመሰግንበት ጊዜ ነው። በየሆስፒታሉ፣ በየሱቁ፣ በየቢሮው በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሽ ጥበቃ ያስፈልግ ስለነበር፣ ሴቶችን የሚያሠለጥን አንድ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ስሙን አልጠራውም፤ ዛሬ ተዘግቷል፣ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሞበታል፣ ከመስኮቴ ይታየኛል። ጥድ በጥድ የሆነ ኮረብታ ላይ ነበር። ከእሁድ እስከ ዓርብ እዚያው ይታደራል። ኮርሱን የጨረሰ ቋሚ ሥራ ያገኛል፤ ቋሚ ሥራ ያለው ደግሞ የቤት ብድር ይፈቀድለታል። ብድሩ ማለት ከመርካዙ መውጣት ማለት ነው። ስለዚህ እኔ ኮርስ የገባሁት ጀግና ለመባል አይደለም፤ ልጆቼ የራሳቸው በር እንዲኖራቸው ነው።

ሱሪ ለብሼ የማውቅ ሴት አልነበርኩም። ወገራ ተወልጄ፣ ጎንደር ከተማ ሰንብቼ፣ ሠላሳ ዓመት አልፎኝ፣ ሁለት ወልጄ፣ የመጀመሪያውን ሱሪ የለበስኩት እዚያ ኮረብታ ላይ ነው። ዕቃ ቤቱ የሰጠኝ ሱሪ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ሸሚዙ ሰማያዊ፣ ኮሌታው እንደ ካርቶን የደረቀ፤ ጫማው ጥጥ ተጠቅጥቆበት እንኳ እግሬን አልይዝ ብሎ ይንቋቋል። አፈርኩ። የራሴን ረጅም ቀሚስ ከሱሪው በላይ ደርቤ ወደ ሰልፉ ወጣሁ። የአሠልጣኞቹ አለቃ ሩቲ ትባላለች። አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ ግን ከሸለቆው ማዶ የሚሰማ። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና፣ «ይኼ ምንድን ነው? ድንኳን ይዘሽ ነው የመጣሽው?» አለችኝ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ምክንያቱም እውነትም ድንኳን ነበር። በመጀመሪያው ዓርብ ወደ ቤት ስመለስ ደግሞ አማቴ በር ላይ አየችኝና አፏን ይዛ፣ «ወይኔ ልጄን! ሚስት ድሬለት ነበር፣ አሁን ወንድም ሆነችለት!» አለች። ያን ሱሪ ወድጄው ቀረሁ። ዛሬም ቤት ውስጥ ሱሪ ነው የምለብሰው፣ ደስ ያላለው አይየኝ።

ክፍላችን ውስጥ ከጎኔ ያለው አልጋ የላሪሳ ነበር። ከሩሲያ የመጣች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ወርቅ ጥርስ ያላት ሴት። እሷ አማርኛ አታውቅ፣ እኔ ሩሲያኛ አላውቅ፤ ሁለታችንም ዕብራይስጡን እንሰባብረዋለን፣ ግን ስብርባሪውን ገጣጥመን እንግባባ ነበር። ዳገቱን ስንሮጥ ሌሎቹ የዕብራይስጥ መዝሙር ይዘምራሉ። እኔ ቃሉን ስለማላውቀው በዜማው የራሴን እጨምርበታለሁ፤ «ሩቲ አለቃዬ፣ ድምፅሽ ብረት ብረት፣ እስቲ አንቺ ሞክሪው ይህን ሁሉ ዳገት» እያልኩ። ላሪሳ ትርጉሙን ሳታውቅ ከኋላዬ እየተቀበለች ትጮኻለች። ሩቲ «ጎበዝ ባንቺ! እንዲህ ነው ሞራል!» ትለኛለች። ስሜ ባንቺአምላክ ነው፤ ለሷ ረዘመባት።

ዓርብ ቀትር ላይ ስንለቀቅ ቶሎ ወደ ቤት አንሄድም ነበር። ላሪሳና እኔ በአውቶቡስ ያፎ መንገድ ወርደን፣ ግማሽ ፈላፈል፣ ቂጣ ውስጥ የሚከተት የሽምብራ ጥብስ፣ ገዝተን፣ በነጻ የሚገኘውን ቃሪያና ጎመን ቂጣው እስኪቀደድ ሞልተንበት እንበላለን። ዛሬ በዚያ መንገድ ባቡር ነው የሚሄድበት፤ ያኔ አውቶቡስ ከአውቶቡስ ተጣብቆ፣ ጭሱ ዓይን ያቃጥል ነበር። ሻጩ የመናዊ «ግማሽ ነው የከፈላችሁት፣ ሙሉ ነው የበላችሁት!» እያለ ይጮህብናል፤ ደግሞ ተጨማሪ ቃሪያ ያቀርብልናል። ከዚያ ወደ ላይ፣ በነቢያት መንገድ አልፈን ወደ ኢትዮጵያ መንገድ እንታጠፋለን። ያች መንገድ ጠባብ ናት፤ በግራም በቀኝም ረጅም የድንጋይ አጥር፣ በአጥሩ ላይ የተንጠለጠለ ሐረግና አበባ፣ ከጫጫታው ወጥቶ ለሚገባባት ሰው ቀዝቀዝ የምትል። ክቡ ቤተ ክርስቲያን እዚያ አለ፤ በሩ ላይ አንበሳ ተቀርጾበታል። እኔ ወደ ውስጥ አልገባም፣ የክርስቲያኖቹ ነው። መነኮሳቱ ግን በር ላይ ቆመው ሲነጋገሩ አማርኛቸው ይሰማኛል፤ የማንም ያልሆነ፣ ለእኔ ያልተባለ አማርኛ። «ዱቄቱ መጣ ወይ?» «አልመጣም።» ይህን ለመስማት ነበር የምሄደው። ላሪሳ «ምን አሉ?» ስትለኝ «ዱቄቱ አልመጣም» እላታለሁ፤ እሷም ከልቧ ታዝን ነበር።

እናቴ ያን ጊዜ ጎንደር ነበረች፤ ወደዚህ የመምጫ ጉዳይዋ ስላላለቀ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ ተራዋን ትጠብቅ ነበር። ስልክ በብዙ ወረፋ የሚገኝ ነገር ነው፤ ካርዱን ከትተህ ሰላምታው ሳያልቅ ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ በካሴት ነበር የምንነጋገረው። አንዷን ካሴት እኔ ሞልቼ ለሚሄድ ሰው እሰጣለሁ፤ እሷ ሰምታ በላይዋ ላይ የራሷን ትቀዳና ለሚመጣ ሰው ትሰጣለች። የእናቴ ካሴት ላይ ዶሮ ይጮሃል፣ ጎረቤት ይገባል፣ «ዝም በሉ ለልጄ እየነገርኳት ነው» ትላለች። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው፤ «ልጄ፣ እንዴት ነሽ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ እኔ ደኅና ነኝ።»

አንድ ዓርብ ከኮርስ መጥቼ፣ ሰንበት ሲወጣ፣ ቴፑን ከቁም ሳጥን አወረድኩና ለእናቴ መቅዳት ጀመርኩ። ስለ ሱሪው ነገርኳት። ስለ ሩቲ፣ ስለ ዳገቱ፣ ስለ ላሪሳ የወርቅ ጥርስ። «እማዬ፣ ስትመጪ የራሳችን ቤት ይሆናል፤ መስኮት አጠገብ ነው የማስቀምጥሽ» አልኳት። ቀና ስል ክፍሉ ባዶ ነው። አማቴ የለችም፣ ባለቤቴ የለም፤ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አያ ተገኘ፣ ሊጠይቀን መጥቶ የነበረው፣ ውጭ አጥሩ ሥር ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። «ምነው?» ስለው «ጉንፋን ነው» አለኝ፤ አፍንጫውን በመዳፉ እየጠረገ። አመንኩት። ካሴቱን ዞር አድርጌ ሌላኛውንም ፊት ሞላሁት።

እናቴ ሞታ ነበር። መቅዳት ከጀመርኩበት ቀን ሁለት ወር ያህል ቀድማ። ሁሉም ያውቁ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው መክረው፣ ኮርሱን ሳትጨርስ ብንነግራት ትተወዋለች፣ ብትተወው ሥራው ይቀርባታል፣ ስትጨርስ እንንገራት ብለው ነበር። በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ ሜዳ ላይ አይወረወርም። ጊዜ ይመረጥለታል፣ ሰው ይሰበሰብለታል፣ ሳይነጋ ይኬዳል፣ ሐዘንተኛዋ ብቻዋን ሳትሆን በዘመድ መሐል ሆና ትሰማለች። ክፋት አልነበራቸውም። ግን ሞታ ለሰነበተች እናት ስትስቅ የሰማ ሰው ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አይችልምና፣ አያ ተገኘ «እኔ ከዚህ በላይ አልችልም» ብሎ ለሽማግሌዎቹ ነገራቸው።

በሳምንቱ መሐል፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ኮረብታው ላይ መጣ። የእኛው የቤተ እስራኤሎቹ ቄስ ጥላቸውን ይዘው፣ ሽማግሌዎቹ፣ አማቴ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። በር ላይ የቆመችው ሠልጣኝ ጠራችኝ፤ «ባንቺ፣ ቤተሰቦችሽ ናቸው መሰለኝ።» በካልሲ ወጣሁ። ነጠላቸውን ገና ሳይ ገባኝ። ማን እንደሞተች ማንም አልነገረኝም፤ አማቴ ደረቷን መታችና ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ጮሁ። እኔም ጮህኩ። እንዴት ያለ ጩኸት እንደሆነ ላገሬ ሰው መንገር አያስፈልገኝም። በዚያ ዘመን ግን፣ በዚያ ከተማ፣ ጎሕ ሲቀድ የብዙ ሰው ጩኸት ከበር ሲመጣ ሰው ልቅሶ ነው ብሎ አያስብም። በር ላይ የነበረችው ልጅ ደንግጣ የአደጋውን ደወል ተጫነችው። ሠልጣኞቹ ግማሹ በፒጃማ፣ ግማሹ ሄልሜት ደፍቶ፣ ከየክፍሉ ፈሰሰ። ሩቲ በባዶ እግሯ፣ ሽጉጧን ይዛ፣ ፊቷ አመድ መስሎ ደረሰች። ያየችው ግን መሬት ላይ የተቀመጡ አሮጊቶችንና ፀጉሯን የምትነጭ አንዲት ሠልጣኝ ነው።

ደነገጠች፣ ከዚያ ተቆጣች። ሰው ሲደነግጥ ነው አብዝቶ የሚቆጣው። «ምንድን ነው ይኼ? ማነው የፈቀደላችሁ?» አያ ተገኘ በሚችላት ዕብራይስጥ አስረዳት፤ እናቷ ሞታለች፣ ልንነግራት መጣን አላት። ወዲያው ድምፅዋ ዝቅ አለ። «መቼ?» አለችው። «ሁለት ወር ሆናት።» «ሁለት ወር? እና ዛሬ?» አለች። ቢሮዋ ገብታ ለምታውቀው ረቢ ስልክ ደወለች። ስትወጣ ነገሩ የቀለለላት ትመስል ነበር። «ሠላሳ ቀን ካለፈ በኋላ የሰማ ሰው ሰባቱን የሐዘን ቀን፣ ሺቫውን፣ አይቀመጥም። አንድ ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ትቀመጥና ያበቃል። ሕጉ ነው።» ቄሳችን ጥላቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «የእናንተ ይሁን። እኛ ከሰማንበት ቀን ነው የምንቆጥረው፣ ሰባት» አሏት። ለሷ የተረጎመላት ሰው አልነበረም። ዘመዶቼን ወደ ሚኒባሱ መለሱዋቸው፤ ለደህንነት ነው ተባለ። እኔን ወደ ክፍሌ አስገቡኝ፣ አልጋው ሥር መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ ሩቲ በሩ ላይ ቆመች።

ሕጉ ሐሰት ነው አላልኩም፣ ዛሬም አልልም። መጽሐፋቸው ውስጥ አለ፣ ኋላ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። የኔ ሰዎች ግን ሠላሳውን ቀን ያሳለፉት ለኔ አዝነው ነው። ያዘኑበት ልብ ልቅሶዬን እንደሚያስቀማኝ ማን ይገምታል? ደግሞ ልቅሶ ብቻውን አይለቀስም። አንዷ ትጀምራለች፣ ሌላዋ ትቀበላለች፣ ሟቿ ትወሳለች፣ ደግነቷ፣ አመሏ፣ አካሄዷ ሳይቀር ይነገራል። እኔ ብቻዬን ከብረት አልጋ ሥር ምን ልበል? ላሪሳ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ክንዴን ያዘችኝ። ለመጮህ አፌን ስከፍት ሩቲ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ከዚያ ሰዓቷን አየች። «ባንቺ፣ አበቃ። አዝናለሁ። ጫማሽን አድርጊ፤ ተኩስ ልምምድ አለ።»

ተነሣሁ። ሸሚዙን አወለቅሁ፣ ሱሪውን አወለቅሁ፣ አጥፌ አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። የራሴን ቀሚስ ለበስኩ፤ ድንኳኗን። «ወዴት ነው?» አለች ሩቲ። «እናቴን ላለቅስ።» «ከበሩ ከወጣሽ ኮርሱን ጥለሽ እንደኮበለልሽ ነው የሚቆጠረው።» «እኔ አልኮበልልም። የምሄድበትን ነግሬሻለሁ፣ የምመለስበትንም እነግርሻለሁ፤ በሰባት ቀኔ።» ላሪሳ ነጠላዬን ከሻንጣዬ አውጥታ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። ወጣሁ።

መቫሰረት መሄድ ነበረብኝ። ከተማ ወርጄ አውቶቡስ መቀየር ነበረብኝ። እግሬ ግን የለመደውን ይዞ ሄደና ራሴን ኢትዮጵያ መንገድ ላይ አገኘሁት፣ ከዚያ ረጅም አጥር ሥር። ቁጭ አልኩና ጮህኩ። እማዬ፣ ዶሮሽ፣ ጎረቤትሽ፣ መስኮትሽ እያልኩ። አላፊ አግዳሚው ዳር ዳሩን ይዞ ሸሸኝ። አንዲት እማሆይ ዘንቢል ይዘው ከነቢያት መንገድ ሲመጡ ሰሙኝ፤ ከጎንደር መሆናቸው በአነጋገራቸው ይታወቃል። «ማን ሞተብሽ ልጄ?» «እናቴ።» «መቼ?» «ሁለት ወር ሆኗታል። የሰማሁት ዛሬ ነው።» «ታዲያ ለአንቺ ዛሬ አይደለም እንዴ የሞተችው?» አሉና ዘንቢላቸውን አስቀመጡ። ሊቀመጡ ሲሉ፣ «እማሆይ፣ እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ» አልኳቸው። በአገራችን እነሱና እኛ ምን እንደምንባባል፣ ማን ማንን እንደማይነካ ሁለታችንም እናውቃለን። «አውቄያለሁ። ስሟን ንገሪኝ» አሉኝ። ነገርኳቸው። በስሟ ሙሾ አወረዱላት። እናቴን አይተዋት የማያውቁት ሴት፣ መስቀላቸውን ነጠላቸው ሥር ሸፍነው፣ እኔ እየነገርኳቸው እሳቸው እየተቀበሉ፣ አጥሩ ሥር አለቀስናት። ሰው ሲያልፍ «ምንድን ነው?» ይላል። እሳቸው «እናቷ ሞታ ነው፣ እለፉ» ይላሉ። ሲደክመኝ ውኃ አጠጡኝና አውቶቡስ ድረስ ሸኙኝ። ከዚያ ወዲያ አላገኘኋቸውም፤ ዴር ሡልጣን ነው የሚኖሩት ብለውኝ ነበርና ሁለት ጊዜ እዚያ ጣሪያ ላይ ወዳለው ገዳም ወጥቼ ፈልጌያቸዋለሁ፣ አገር ቤት ገብተዋል አሉኝ።

መርካዙ ውስጥ ሰባቱን ቀን ተቀመጥኩ። ከዚያ እንዳልኩት ተመለስኩ። አልጋዬ ላይ ሌላ ሴት ተኝታለች። በረኛዋ «ስምሽ የለም» አለችኝ። እሺ ብዬ አልሄድኩም። ጠዋት ጠዋት፣ ከመጀመሪያው አውቶቡስ ወርጄ፣ ከሽቦ አጥሩ ውጭ፣ ልክ ሰልፉ ፊት ለፊት ተረከዜን ገጥሜ እቆማለሁ። ስም የሚጠራው በአልጋችን ተራ ነበር። «ላሪሳ!» ትባላለች፤ «አለሁ!» ትላለች። ቀጥሎ የኔ ነበር። እነሱ ዘለው ሌላ ሲጠሩ እኔ ከውጭ፣ በአማርኛ፣ «አለሁ!» እላለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሴቶቹ ሳቁ። በኋላ ግን እኔ እስክል ድረስ የሚቀጥለዋ መልስ መስጠት አቆመች። ሩቲ ስም ትጠራለች፣ ልጅቷ ዝም ትላለች፤ እኔ «አለሁ!» እላለሁ፣ ከዚያ ልጅቷ መልስ ትሰጣለች። ሩቲ ጥበቃ ላከችብኝ። ጥበቃዋ ራሷ ከእኔ ጋር የሠለጠነች ናት፤ «መንገዱ የሕዝብ ነው፣ አለቃዬ» ብላት ተመለሰች።

በመጨረሻ ሩቲ ራሷ መጣች። ለእኔም አንድ የፕላስቲክ ኩባያ ሻይ ይዛ ከሽቦው በላይ አቀበለችኝ።

«ባንቺ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም።»

«ክፉ ነሽ አላልኩም።»

«ጎበዝ ነሽ። እፈልግሻለሁ። ስሚኝ፤ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ጀርባዬን አመመኝ በይ፣ የሕመም ፈቃድ ይስጥሽ። ነገ አልጋሽን አስለቅቃለሁ። ማንም ምንም አይጠይቅሽም።»

«ጀርባዬን አላመመኝም።»

«አውቃለሁ እንዳላመመሽ!»

«ታዲያ ለምን ልዋሽ? እናቴ ሞታ ነው የቀረሁት። እሱን በይና አስገቢኝ።»

«እሱን ማለት አልችልም። በሕጉ አንድ ሰዓት ነው።»

«እንግዲያው እዚሁ ነኝ።»

ቤት ስነግራቸው ጉድ ሆነ። ባለቤቴ «አንቺ ሴት፣ ሐኪም አንድ መሥመር ቢጽፍ ምን ትሆኛለሽ? ቤቱስ? ልጆቹስ?» አለኝ። አያ ተገኘ ሳይቀር፣ «እቴ፣ እኛም ኮርሱን እንድትጨርሺ ብለን ነው እኮ ያን ሁሉ የቻልነው» አለኝ። ልቤ ተከፈለ፤ እውነታቸውን ነው። ቤቱን እኔም እፈልገዋለሁ፤ ለቋሚ ሥራው የሮጥኩት እኔው ነኝ። ግን ጀርባዬን አሞኝ ነበር ካልኩ፣ በዚያ ሰባት ቀን ውስጥ እናቴ አልሞተችም፣ አልተለቀሰችምም ማለት ነው። የእናቴን ሞት በጀርባ ሕመም አልለውጥም አልኩ። ባለቤቴ ሰንበት እስኪገባ አላናገረኝም። እኔም አላናገርኩት።

ኮርሱ አለቀ። ምረቃው ቀን ነጩን ቀሚሴን ለብሼ ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ። ላሪሳ ባጅዋ ደረቷ ላይ ከተሰካላት በኋላ ሰልፉን ጥላ መጥታ በሽቦው ቀዳዳ ጉንጬን ሳመችኝ። ሩቲ አየች። እኔ ወደ መጥረጊያዬ ተመለስኩ። ቤቱ ዘገየ፤ የኖአ እናት ትልልቅ ልጆች የሚማሩበት ክፍል እስክትገባ ድረስ በዚያች አንድ ክፍል ኖርን። ያን ዋጋ ከፍያለሁ፣ ልጆቼም ከፍለዋል፤ አልደብቀውም። ኋላ ግን አንድ ሆስፒታል የበር ጥበቃ ቀጠረኝ፣ ያለ ኮርስ፣ ዓይኔን አይቶ፤ ቂርያት መናሔምም ገባን።

ሩቲን ግን አልለቀቅኋትም። አዲስ ኮርስ በተከፈተ ቁጥር የመጀመሪያው ቀን ጠዋት በሩ ላይ አለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ። «ሰባቱ ቀን የኔ ነበሩ ወይስ አልነበሩም?» አንድ ጊዜ «አሁን ጊዜ የለኝም» አለችኝ። አንድ ጊዜ «ሕጉን እኔ አላወጣሁትም» አለችኝ። አንድ ጊዜ ሳቀችና «አሁንም እዚሁ ነሽ? ጸጉርሽ ሸብቷል እኮ» አለችኝ። «ያንቺም» አልኳት። እየተለማመድን መጣን፤ ሻይ ታመጣልኛለች፣ መልስ ግን አታመጣም። ላሪሳ በኋላ እዚያው አሠልጣኝ ሆና ነበርና «ተይው በቃ፣ አታሸንፊያትም» ትለኛለች። እኔ ማሸነፍ አይደለም የፈለግሁት። አዎ ወይም አይደለም ነው።

ከዚያ፣ የመጀመሪያ ልጄ ካገባች በኋላ ይመስለኛል፣ አንድ ረፋድ ላይ በሬ ተንኳኳ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር አራት ፎቅ በእግሯ ወጥታ፣ የደረጃውን ብረት ይዛ የምታለከልከው ሩቲ ናት። አድራሻዬን ላሪሳ ነው የሰጠቻት። ግቢ አላልኳትም።

«ባንቺ፣ አንዲት ሠልጣኝ አለች። የእናንተ ልጅ። አባቷ ጎንደር ሞቷል፣ ከሠላሳ ቀን በላይ ሆኖታል። ዘመዶቿ ደወሉልኝ። እነሱም ገና አሁን ነው የሰሙት፤ እኛ መጥተን እስክንነግራት ዝም በይ አሉኝ። ልጅቷ አሁን ሜዳ ላይ ናት፣ እየሳቀች ነው። ቁርስ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ስለ አባቷ አወራችኝ። እኔ አውቃለሁ፣ እሷ አታውቅም። እኔ…» ድምፅዋ ተሰበረ። ያ ብረት ድምፅ። «እንዴት እንደሚነገር አላውቅም። ደወሉን አስጠፍቻለሁ። ነይና ከዘመዶቿ ጋር ሁኚ።»

«ከነገርናትስ በኋላ?»

«ሰባቱንም ቀን ትሄዳለች። በሚኒባስ አስወስዳታለሁ። ስትመለስ አልጋዋ ይጠብቃታል።»

ነጠላዬን ከመንጠቆው አንሥቼ ትከሻዬ ላይ ጣልኩ። ቁልፌን ያዝኩ። ከደፉ ላይ ግን አልወረድኩም።

«ለሷ ሰጠሽ፤ ጥሩ። የኔስ?»

«ባንቺ፣ አሁን እኮ ልጅቷ…»

«ልጅቷ ጋ እሄዳለሁ፣ ለሷ ስል በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ። አንቺ ግን መልሽልኝ። ሰባቱ ቀን የኔ ነበሩ ወይስ አልነበሩም?»

የደረጃውን ብረት ለቀቀችና ቀጥ ብላ ቆመች፤ ሰልፍ ፊት እንደምትቆመው።

«ያንቺ ነበሩ» አለችኝ። «እኔ ነኝ የነጠቅሁሽ።»